በግራ ጆሮ የመጣ ትእዛዝ

ግራ ጆሮዬ መስማት ያቆመው ከሠራዊቱ ልወጣ ትንሽ ሲቀረኝ ነው። ከተቀመጥንበት ብዙም ሳይርቅ የከባድ መሣሪያ ጥይት ወደቀና አፈር ተከናነብን። ስነሳ ሁለቱም ጆሮዎቼ ይጮኹ ነበር። የቀኙ ቀስ እያለ ተመለሰ። የግራው ግን ጩኸቱን ብቻ ይዞ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ የሰው ድምፅ ገብቶበት አያውቅም። ለሐኪም አልተናገርኩም። የመልቀቂያ ወረቀቴ ተፈርሞ የመሄጃዬን ቀን ብቻ ነበር የምጠብቀው። ደግሞም ሥራዬ ሬዲዮ ነው። የሬዲዮ ሰው ጆሮው ሄደ ከተባለ ምኑ ቀረ? እግሩን ያጣ ሰው ጀግና ይባላል፤ ጆሮውን ያጣ ግን ደንቆሮ ነው የሚባለው። ያንን ቃል በራሴ ላይ መስማት አልፈለግሁም።

ኮምቦልቻ ገብቼ ሥራ ስፈልግ ሆን ብዬ ጫጫታ ያለበትን መረጥኩ። አንድ ፋብሪካ መጋዘን በር ላይ የሚጭኑና የሚያራግፉ መኪኖችን አስተናግዳለሁ፤ አንዱን ና፣ አንዱን ቁም፣ አንዱን ወደ ኋላ እያልኩ በእጄ ምልክት እሰጣለሁ። ከውስጥ ማሽን ይጮኻል፣ ከውጭ ሲኖትራክ ያጓራል። እንዲህ ባለ ግቢ ሁሉም ሰው "ምን አልክ?" ይላልና የእኔ ከሌላው አይለይም። ሰው በግራዬ መጥቶ ካናገረኝ ከንፈሩን አየት አድርጌ "እሺ" እላለሁ። እሺ ከማንም ጋር አታጣላም። እንዲህ ሆኜ ዓመታት አለፉ፤ ሚስቴም ልጆቼም ምንም እንደማያውቁ አምን ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ስልኬ ደረት ኪሴ ውስጥ ነዘረኝ። ከመኪኖቹ ፈቀቅ ብዬ ቀኝ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት።

"ሃምሳ አለቃ፣ አለህ?"

ድምፃቸውን ወዲያው አወቅሁት። የቀድሞ አዛዤ ናቸው፤ ድሮ ሻለቃ ነበሩ፣ አሁን ኮሎኔል ሆነዋል። በማዕረጌ የሚጠራኝ ሰው ካጣሁ ቆይቼ ነበርና ሳላስበው ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

"አለሁ ጌታዬ፣ አልሐምዱሊላህ።"

የፈለጉኝን ነገሩኝ። ለሠራዊቱ የዕዝና ቁጥጥር ሶፍትዌር እየተሠራ ነው። የትኛው ክፍል የት እንዳለ በአንድ ስክሪን ላይ ይታያል፤ ትእዛዝ በዚያው ይሄዳል፣ መልሱም በዚያው ይመጣል። የሚሠሩት ልጆች ጎበዞች ናቸው፤ ግን ማዘዣ ጣቢያ ውስጥ ተቀምጠው አያውቁምና ነገሩ ሳያልቅ በሥራው ላይ የነበሩ ሰዎች እየሞከሩ እንዲነግሯቸው ይፈልጋሉ። ደሴ ላይ ለጥቂት ቀናት ስብሰባ አለ።

"በሥራ ላይ ያሉም የወጡም ይኖራሉ" አሉኝ። "አንተ የእኔ ጆሮ ነበርክ። አንተን ሳልጠራ ማንን ልጠራ ነው?"

በዚያች ቅጽበት እምቢ ማለት ነበረብኝ። ሥራ አለብኝ፣ አሞኛል፣ ማለት የምችለው ብዙ ነበር። ግን ጆሮዬ ነበርክ ሲሉኝ ደስ አለኝ። ያ ደስታ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ፊቴ ይግላል።

ፎርማኔን ፈቃድ ጠየቅሁ፤ ሚስቴ ሸሚዜን ተኮሰችልኝ። በማግስቱ ማለዳ በሚኒባስ ወደ ደሴ ወጣሁ። የኮምቦልቻን ሙቀት ለምዶ ደሴ የሚወጣ ሰው ሁልጊዜ ኮት ይረሳል፤ እኔም ረስቼ እየተንቀጠቀጥኩ ፒያሳ ወረድኩ። ስብሰባው እዚያው አካባቢ ባለ ሆቴል ፎቅ ላይ ነበር። ከሁሉ ቀድሜ የደረስኩት ለጥድፊያ አልነበረም። ወንበር ለመምረጥ ነው። በግራ በኩል ግድግዳው አጠገብ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። እንዲህ ከተቀመጥኩ ሰው ሁሉ በቀኜ ይሆናል።

የመጀመሪያው ቀን መልካም ነበር። ሶፍትዌሩን ከሚሠሩት መካከል አንዲት ወጣት ሴት ተነስታ አስረዳችን። ደሴ ተወልዳ እንዳደገች ከአነጋገሯ ያስታውቃል። ካርታው የእውነት አገር እንዳልሆነ፣ ወንዙም ድልድዩም ለልምምድ የተፈጠረ መሆኑን ነገረችንና እንዲህ አለች፦

"እኛ ጨርሰን እንኩ ተጠቀሙ ልንላችሁ አልፈለግንም። እንዲህ ያለ ነገር ተሠርቶ መጥቶ ማንም ሳይነካው አቧራ የለበሰበትን ቦታ አይተናል። ስለዚህ ያልጣማችሁን ከአሁኑ ንገሩን። አትፍሩን፤ አታፍሩም።"

ሰው መጀመሪያ አልተናገረም። ኮሎኔል ፊት ተቀምጦ "ይህ ነገር አልገባኝም" የሚል ወታደር የለም። ልጅቱ ይህ ገብቷት ነው መሰለኝ እየዞረች ከእያንዳንዱ አጠገብ ትቀመጥና ቀስ ብላ ትጠይቅ ጀመር። እኔ ጋ ስትደርስ በቀኜ ነው የምትቀመጠው፤ ሌላ ቦታ የለም። ስክሪኑ ላይ "ተቀብያለሁ" የሚል ቁልፍ አሳየችኝ። ትእዛዝ ሲደርስ እሱን መጫን ነው።

"ይህ ብቻውን አይበቃም" አልኳት። "መልእክት ደረሰ ማለት ሰው ገባው ማለት አይደለም። እኛ በሬዲዮ ጊዜ የተባለውን መልሶ እንዲነግረን እናደርግ ነበር። አለዚያ የፈራ ልጅ ሁሉን ነገር ተቀብያለሁ ይልሻል።"

ዓይኗ በራ። "ጋሼ፣ እንዲህ ያለውን ነው የምንፈልገው" አለችና የቡድኗን መሪ ጠርታ እንድደግምለት አደረገችኝ። መሪው መነጽር ያደረገ ቀጭን ወጣት ነው፤ በጥሞና ሰማኝ። ከሰዓት በኋላ በስክሪኑ ላይ ሌላ ቁልፍ ተጨምሮ መጣ፤ ተቀባዩ ትእዛዙን በራሱ አባባል ጽፎ ካልመለሰ ነገሩ አይዘጋም። ኮሎኔሉ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ወደ ኮምቦልቻ ስመለስ ግን ሚኒባሱ ውስጥ ደስታዬ ከላዬ ላይ ወረደ። በግራዬ የተቀመጡ አንዲት እናት አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ ሳልሰማ "እሺ" አልኳቸው። ደግመው አዩኝ። ለካስ "የት ነው የምትወርደው?" ነበር ያሉኝ። የፈራ ልጅ ሁሉን ተቀብያለሁ ይላል ብዬ ስናገር የዋልኩት ራሴ ነኝ።

በማግስቱ ልምምድ ተደረገ። እያንዳንዳችን አንድ ክፍል ተሰጠን። የእኔ ድልድዩን የያዘው ክፍል ነበር፤ ትእዛዙን ተቀብዬ ማስተላለፍ የእኔ ፋንታ ነው። የጆሮ ማዳመጫ አደሉን። ልጅቱ ስታስረዳ የተለመደው መልእክት በቀኝ ጆሮ፣ አስቸኳዩ በግራ ጆሮ እንደሚመጣ ነገረችን። ሐሳቡን ያመጡት ቀደም ሲል የጠየቋቸው ሌሎች ወታደሮች ናቸው አለች። ጆሮ ላይ ሁሉም ከተደበላለቀ አስቸኳዩ ይጠፋል ብለዋቸው፣ እነሱም እንደተባሉት ሠሩት።

ማዳመጫውን ገልብጬ ላድርገው ብዬ አሰብኩ፤ ማይኩ በአንድ በኩል ስለወጣ መገልበጡ ያስታውቃል። አስቸኳይ ሲመጣ በስክሪኑም ጥግ ላይ ትንሽ ምልክት ትበራለች ተብሏል። በዓይኔ እይዛታለሁ አልኩ። ቢስሚላህ ብዬ ተቀመጥኩ።

ልምምዱ ተጀመረ። መልእክት በመልእክት ላይ ይመጣል፤ በቀኜ እሰማለሁ፣ እመልሳለሁ። ለጥቂት ጊዜ የድሮው ሰው ሆንኩ። ከዚያ የድልድዩን አካባቢ በደንብ ላይ ብዬ ካርታውን አሰፋሁት፤ ካርታው ሲሰፋ ያችን ጥግ ሸፈናት። አላወቅሁም። አንድ መልእክት እየመለስኩ ሳለ አዳራሹ ጸጥ ማለቱ ታወቀኝ። ቀና ስል ሁሉም ወደ ትልቁ ስክሪን ያያሉ። ግድግዳው ላይ የእኔ ክፍል ድልድዩ ላይ ቆሟል፤ ሌሎቹ ሁሉ ወደ ኋላ ወጥተዋል። የጠላት ምልክት እየቀረበው ነው። ቀጥሎ ሰዎቹ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ወደ እኔ አዞሩ።

"ሃምሳ አለቃ!" አሉ ኮሎኔሉ። "አስቸኳይ ትእዛዝ ከመጣልህ ቆየ እኮ። አትሰማም?"

በወታደር ቤት "አትሰማም?" ማለት ስድብ እንጂ ጥያቄ አይደለም። ለእኔ ግን ያን ዕለት ጥያቄ ሆነብኝ።

ልጅቱ ሮጣ መጣች። ማዳመጫውን ከራሴ ላይ ወስዳ የራሷ ጆሮ ላይ አደረገችና መሪዋን "እስቲ ድገመው" አለችው። መልእክቱ በድጋሚ ተላከ። እኔ ፊቷን ነው የማየው። ድምፁ ሲመጣ ቅንድቧ ትንሽ ከፍ አለ። ቀጥሎ ወደ እኔ አየች፤ ግራ ጆሮዬን አየች፤ ግድግዳውንና ወንበሬን አየች። ሁሉም እንደገባት ያኔ አወቅሁ።

"ድምፁ አልወጣም" አለች ጮክ ብላ። "የእኛ ችግር ነው ኮሎኔል፤ ይቅርታ።"

"ድምፅ የማያወጣ ነገር ይዛችሁ ነው ሰው የሰበሰባችሁት?" አሉ ኮሎኔሉ። "ይህ ሜዳ ላይ ቢሆን የሰው ልጅ ነው የሚያልቀው።"

"ትናንት አረጋግጫለሁ ብለሽኝ አልነበር?" አላት መሪዋ።

"ብዬ ነበር። አላየሁትም መሰለኝ።"

ቆማ ተሰደበች። እኔ ወንበሬ ላይ ነኝ። ኮሎኔሉ ከእሷ ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞረው ድምፃቸውን አለዘቡና "አይዞህ ሃምሳ አለቃ፣ ያንተ ጥፋት አይደለም" አሉኝ። ከዚያ ሁሉ ያቺ አይዞህ ነች የጎዳችኝ።

ምሳ ሰዓት ደረሰ። ልጆቹ ግን ለምሳ አልወጡም፤ ላፕቶፕ ላይ ተደፍተው የሌለ ስህተት ይፈልጋሉ። እሷም አብራቸው ተደፍታ የምትፈልግ ትመስላለች። ትንሽ ቆይታ ወደ ሰገነቱ ወጣች። ተከተልኳት። ከታች ባጃጆች ይርመሰመሳሉ። በቀኜ በኩል እንድትሆን ዞሬ ቆምኩ፤ ስዞር አየችኝ።

"ድምፁ ወጥቷል አይደል?" አልኳት።

"ወጥቷል ጋሼ።"

"ታዲያ ምነው እንዲያ ማለትሽ?"

"እኔንጃ። ሰው ሁሉ እርስዎን ሲያይ አፌ ቀደመኝ።"

ማመስገን ሲገባኝ ተቆጣሁ። ያፈረ ሰው ቁጣው ቅርብ ነው። "ማን ለመነሽ?" አልኳት። "እኔ የሰው ምጽዋት ለምጄ አላውቅም።"

ፊቷ ተለዋወጠ። "ይቅርታ ጋሼ" አለች። "ግን ጓደኞቼ የሌለ ነገር እየፈለጉ ነው። የሌለ ነገር ደግሞ አይገኝም። እኔ ዋሽቻለሁ፣ ስህተት የለበትም ብዬ ልነግራቸው እችላለሁ። ለምን ዋሸሽ ሲሉኝ ግን የምመልሰው የለኝም። የእርስዎን ነገር እኔ ልናገረው አልችልም።"

ራሴን አሞኛል ብዬ ለአንዱ መኮንን ተናግሬ ወጣሁ።

ቤት ስገባ መግሪብ አልደረሰም ነበር። ሚስቴ ቶሎ መመለሴን አይታ ምንም አልጠየቀችኝም። ራት ላይ ልጆቹ ተነስተው ሲሄዱ "ነገ አልሄድም፤ ይበቃኛል" አልኳት።

"ምነው? ሸሚዙ እንኳ አልቆሸሸም።"

"አልተመቸኝም።"

ሳህኑን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። "ጆሮህ ነው?" አለችኝ።

"የምን ጆሮ?"

"ኧረ ተው። ይህን ያህል ዓመት አብሬህ ኖሬ? የመጣህ ሰሞን ነው ያወቅሁት። ከጀርባህ ስጠራህ በሌላ በኩል ነው የምትዞረው።"

"ልጆቹስ?"

"ልጆቹም ያውቃሉ። አባታችሁን በቀኙ ሂዳችሁ አናግሩት ብያቸዋለሁ። ትንሿ አፏን ስትፈታ የተማረችው ይህንኑ ነው።"

አዎ፣ ልጆቼ ሁሉ በቀኜ ነው የሚመጡት። መስጊድ ስንሄድ፣ ሐርቡ ዘመድ ልንጠይቅ ስንሄድ፣ ገበያ ስንወጣ በቀኜ ነው የሚሄዱት። የልጅ ልማድ ይመስለኝ ነበር። እኔ ደበቅሁ እያልኩ ስኩራራ እነሱ ናቸው የደበቁልኝ። ሕፃን ልጅ ሳይቀር ሲጠነቀቅልኝ ኖሯል። ቀን ሰው ፊት ያፈርኩት ከዚህ አጠገብ ምንም አልነበረም። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተቀመጥኩ።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት በመጨረሻ።

"አንተ ለምን አልነገርከኝም?" አለች። ቁጣ የለባትም። ቀጥላ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ የልጅቱን ነገር ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ "ታዲያ የሰው ልጅ ባንተ ነገር ስትሰደብ ትደር?" ብላ ሳህኑን ይዛ ወጣች። ሌላ ነገር አላለችኝም።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ወደ ደሴ ወጣሁ። መንገዱ ሁሉ የምናገረውን ሳዘጋጅ ነበር፤ ስደርስ ሁሉም ጠፋኝ። ልምምዱ አልተጀመረም። ልጆቹ ስህተቱን ስላላገኙት ፊታቸው ደክሟል፣ ኮሎኔሉ ሰዓታቸውን ያያሉ። ልጅቱ ከሩቅ አየችኝና ዓይኗን ሰበረች።

ወንበሬ ጋ አልሄድኩም። መሃል ላይ ቆምኩ።

"ጌታዬ፣ ድምፁ ወጥቷል" አልኩ። "ማሽኑ ምንም አልሆነም። እኔ ነኝ ያልሰማሁት። ግራ ጆሮዬ አይሰማም። ይህቺ ልጅ ለእኔ አዝና ነው የዋሸችው፤ እኔም ዝም ብዬ አሰደብኳት።"

ኮሎኔሉ ሰዓታቸውን ትተው ቀና አሉ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ልወጣ ስል ጀምሮ።"

"ከእኔ ጋር እያለህ?"

"አዎ ጌታዬ። ከዚያ በኋላ ግን ሬዲዮ ላይ አልተቀመጥኩም።"

እውነት ነው፤ መውጫዬን ነበር የምጠብቀው። እሳቸው ግን ያመኑኝ አይመስለኝም። በሐሳባቸው ወደ ኋላ ሄደው በእኔ ጆሮ ያለፈውን ትእዛዝ ሁሉ አንድ በአንድ የሚመረምሩ መሰለኝ። ሌላ ሰው ቢያየኝ ግድ አልነበረኝም። የእሳቸው ዓይን ነው ያቃጠለኝ።

"ስለነገርከን እናመሰግናለን" አሉኝ። እንደ እንግዳ ሰው፣ በማዕረጌ ሳይጠሩ። ወዲያው አጠገባቸው ለተቀመጠው መኮንን የሆነ ነገር አሉት። እሱ መጥቶ "ድልድዩን ሌላ ሰው ይያዘው፣ እርስዎ ኋላ አረፍ ይበሉ" አለኝ። ልጅቱ ተነስታ "ቆይ፣ እሳቸውማ እንዲሞክሩልን የምንፈልጋቸው ሰው ናቸው" አለች። ኮሎኔሉ "የምንሠራው ለጤነኛ ሠራዊት ነው" ብለው ነገሩን ዘጉት።

ኋላ ሄጄ ተቀመጥኩ። ቀኑን ሙሉ ሰዎች መጥተው ያበረታቱኛል፤ ሁሉም ግን ይጮኹብኛል። ቀኝ ጆሮዬ ደህና እንደሆነ የሚያስታውስ የለም። "ሻይ ይጠጣሉ?" የምትለዋ አስተናጋጅ ሳትቀር አፏን እያሰፋች ነው። አንድ ቀን ሳይሞላ ሽማግሌ አደረጉኝ።

ከሰዓት በኋላ እጄን ልታጠብ ስወጣ አንድ ታንከኛ ተከተለኝ። ስብሰባው ላይ ብዙም ያልተናገረ፣ አሁንም በሥራ ላይ ያለ ሰው ነው። ቧንቧውን ከፍቶ ውሃው ሲወርድ ቆመ።

"ስትተኛ ይጮኽብሃል?" አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ይጮኻል። እንደ ፌንጣ።"

"የእኔ እንደ ቆርቆሮ ነው" አለ። ትንሽ ቆይቶ "በሁለቱም" ሲል ጨመረ። ውሃውን ዘግቶ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። "ለማንም እንዳትናገር። ልጆቼ ገና አልደረሱም።"

"አልናገርም" አልኩት።

ልሄድ ስል ልጅቱ ደረጃው ላይ ደረሰችብኝ። ትናንት ስለተናገርኳት ይቅርታ ጠየቅኋት። "እኔም ሳልጠይቅዎ በእርስዎ ፈንታ መናገር አልነበረብኝም" አለች። ከዚያ አንድ ነገር ነገርኳት፦ "አዳራሹ ውስጥ እኔ ብቻ አይደለሁም። ማን ነው ብለሽ እንዳትጠይቂኝ።" አልጠየቀችኝም። አፍጥጣ አየችኝና ራሷን ነቀነቀች።

ወራት ካለፉ በኋላ ደወለችልኝ። በሥራ ምክንያት ኮምቦልቻ እንደምትወርድ፣ ፈቃደኛ ከሆንኩ አንድ ነገር እንድሞክርላት እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ሚኒባስ መናኸሪያው አጠገብ አንድ ካፌ ተገናኘን። ላፕቶፗ ላይ ካርታም ሆነ ወታደራዊ ነገር አልነበረም፤ ድምፅና ቀለም ብቻ ነው። አስቸኳይ መልእክት ሲመጣ ድምፁ አሁን በሁለቱም ጆሮ ይገባል፤ የስክሪኑ ዙሪያም ቀይ ይሆናል፤ ምንም ቢከፈት አይሸፈንም፣ ሰው እስኪመልስለት አይጠፋም።

በአጠገባችን የተቀመጡ ሰዎች እያዩን ነበር። ማዳመጫ አድርጌ እንደ ሕፃን ልጅ ስክሪን ላይ ሳፈጥ ሰውነቴ እሳት ሆነ። ቢሆንም ሞከርኩት። ቀዩ በድንገት ሲበራ ጭራሽ እጄ ተሳሳተ።

"ይህ ቀይ ያስደነብራል" አልኳት። "ማዘዣ ጣቢያ ያለ ሰው ድሮም ደንብሮ ነው ያለው።"

እዚያው አለዘበችው። ከዳር ጀምሮ ቀስ እያለ እንዲመጣ አደረገችው። ይህኛው ይሻላል አልኳት። ማሽኑን እየዘጋች "ያ ያሉኝ ሰው ቢሞክርልን ደግሞ ጥሩ ነበር" አለች።

"አይሆንም።"

"ስሙን አልፈልግም ጋሼ። ብቻ እሱም ቢያየው..."

"አይሆንም ልጄ። ቃል ገብቻለሁ።"

ሻያችንን ጠጥተን ተለያየን። ሶፍትዌሩ ሥራ ላይ ይዋል አይዋል አላውቅም፤ እንዲህ ያለ ነገር ለእኔ ዓይነቱ አይነገርም። ኮሎኔሉም ከዚያ ወዲህ ደውለውልኝ አያውቁም። ያ ታንከኛ ግን በሐሳቤ ይመላለሳል። ስክሪኑስ ተስተካከለ እንበል። እሱ ታንክ ውስጥ ሆኖ አዛዡ ሲጮኽበት "እሺ" እያለ ይሆን? ቃሌን ብጠብቅም ያሳፍረኛል፤ ባፈርሰውም የልጆቹን እንጀራ ነው የማፈርሰው። እስከ ዛሬ ዝም ብያለሁ፤ ትክክል ነው ማለቴ ግን አይደለም።

ለፎርማኔ የነገርኩት ካፌ በተገናኘንበት ሳምንት ነው። ማሽኑ እስኪቆም ጠብቄ ቢሮው ገባሁ። "ግራ ጆሮዬ አይሰማም" ስለው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"መኪና ወደ ኋላ የምታስነዳ ሰው?" አለ። "አንተ ብትሞትብኝ፣ ወይም ሰው ብታስጨርስብኝ ምን እል ነበር?"

"እውነትህን ነው።"

"ቀድመህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?"

በዚያው ሳምንት ወደ መጋዘኑ ውስጥ አዛወረኝ፤ የጨርቅ ጥቅልሎች ሲገቡ በየዓይነታቸው አስደረድራለሁ። ሥራው ቀላል ነው፣ ይሰለቻል። በእኔ ቦታ ከሐርቡ የመጣ ሰው ገባ። በመጀመሪያው ቀን ስፍራውን ላሳየው አብሬው በሩ ላይ ቆምኩ። የት መቆም እንዳለበት እያሳየሁት ሳለ ድንገት ክንዴን ይዞ ወደ ጎን ጎተተኝ። ከኋላችን፣ በግራዬ በኩል፣ አንድ ተሳቢ ቀስ እያለ ወደ ኋላ እየተነዳ ወደ እኛ ይመጣ ነበር። እኔ የት አለ ብዬ በዓይኔ ስፈልግ፣ እሱ እጁን አንስቶ መኪናውን አቁሞታል።